ባለማሩ በሌለበት ጠርሙሱ ይናገር

ከላስታ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ማር አመጣጡ የታወቀ ነው። ሁለት ሊትር በሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ይሞላል፤ አፉ በፌስታል ይታሰራል፤ በአሮጌ ነጠላ ይጠቀለልና በዘመድ ሻንጣ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። ቤት ደርሶ ሲፈታ ፕላስቲኩ ላይ የሚነበበው የውኃው ስም ነው። ስለ ማሩ አንዲት ፊደል የለችም። ማን ቆረጠው? በየትኛው ወር? ስንት ኪሎ ነው? ተጣርቷል ወይስ ከነሰፈፉ ነው? ከቤተሰቡ ውስጥ ለማን ይሰጣል፤ ለማንስ አይሰጥም? ይህን የሚያውቁት ሰዎች ብልባላ ቀርተዋል።

ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ የላስታ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ የሚባሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸውንም ምእመናን እንደ ፈዋሽ በረከት ይቀበሉታል። የንጉሥ ላሊበላን ስም ሲተረጉሙም ሽማግሌዎች «ንብ ንግሥናውን አወቀ ማለት ነው» ይላሉ፤ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት ነበርና። እንዲህ ባለ አገር ስለ ማር ማውራት ስለ ቤተሰብ እንደማውራት ነው።

እዚያው አገር ቤት ማሩ ስም ባይጻፍበት የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ገዢው ሻጩን ያውቀዋል፤ ቀፎው በየትኛው ጓሮ እንዳለ ያውቃል። ውኃ የተቀላቀለበት ማር የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ፊቱን ይዞ መምጣት አለበት። የሻጩ ፊት መለያም ዋስትናም ነበር። ከዚህም ሌላ አፉ አለ። «ይህ የጥቅምቱ ነው፤ ያኛው የሰኔው ነው፤ ይህን ለጠጅ አድርጊው፤ ያኛውን ለልጆች አስቀምጪው» እያለ ነበር የሚሸጠው። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው ተረት ስለ አንደበት ጣፋጭነት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። የሚሰፈረውን ነገር ማስረዳት የሰፋሪው ሥራ ነበር።

አሁን ግን ማሩ መንገደኛ ሆኗል። ላሊበላ ለእንግዳ ትሸጠው የነበረው ማር በ2012 ዓ.ም ወረርሽኙ ሲመጣ ገዢው ቀነሰ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ግጭቱ ቀጠለ። ገዢ ወደ ማሩ መምጣት ሲያቅተው ማሩ ወደ ገዢው መሄድ ግድ ሆነበት። ሲሄድ ታዲያ የሻጩን ፊትም አፍም ይዞ አይሄድም። ያንን ቦታ የሚተካው ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። በማተሚያ ቤት ቋንቋ «ሌብል» ወይም «ስቲከር» እንለዋለን፤ አዋጆቻችን «ገላጭ ጽሑፍ» ይሉታል። የሕጉ አጠራር ይሻላል፤ ሥራውን ይናገራልና።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በሥጋ ዝምድና ነው። ብልባላ ያሉት የአጎቴ ልጆች ማራቸውን አጣርተው በብርጭቆ ጠርሙስ ማሸግ ጀምረው ነበር። እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት በማተሚያ ቤት ንድፍ ስሠራ ስለኖርኩ «ጋሼ፣ አንተ እያለህልን ለማን እንከፍላለን?» ብለው የራሳቸውን ረቂቅ በስልክ ላኩልኝ። ከላይ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጹ ተቀምጧል። ከሥሩ ዘውድ የደፋች ንብ አለች። በወርቅማ ፊደል «100% ንጹሕ የተፈጥሮ ማር» ይላል። ዝቅ ብሎ «ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለአስም ፍቱን» የሚል ሰፍሯል። ጥግ ላይ ስልክ ቁጥር። ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

ልጆቹን አልወቅሳቸውም። በየሱቁ የሚታየው ሌብል ሁሉ ይህን ይመስላል፤ ያዩትን ነው የሠሩት። ብዙ ሰው ንድፍ ሲባል ማስዋብ ይመስለዋል። ከሥዕል ይጀምራል፤ ጽሑፉ በተረፈው ቦታ ይገባል። ሥራው መጀመር ያለበት ግን ከተቃራኒው ጫፍ ነው። ገዢው አጠገባችሁ ቆሞ ቢሆን ምን ትነግሩት ነበር? ያንን በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን አስቡ። እኛም በስልክ፣ አጎቴ ባሉበት፣ ረቂቁን ቃል በቃል አነሣን ጣልን።

መጀመሪያ የተነሣው የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን የማይወድ የለም። ነገር ግን በሆቴሉም፣ በሻማውም፣ በቲሸርቱም ላይ ያለ ምልክት የአንዱን ማር ከሌላው ማር አይለይም። መለያ ካልለየ ስሙንም ሥራውንም አጥቷል። አጎቴ ሌላ ምክንያት ጨመሩ፤ የእሳቸው ይበልጣል። «የታቦት ማርና የገበያ ማር መቀላቀል የለበትም። ሰው ጊዮርጊስን አይቶ ከገዛ በረከት የገዛ ይመስለዋል። እኛ የምንሸጠው የጓሯችንን ማር ነው» አሉ። ሥዕሉ ወረደ።

«ለስኳር ፍቱን» የሚለው ቀጠለ። ማር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ስኳር ነው፤ የንቡ ሥራ ቢሆንም ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው አያት «ፍቱን» የሚለውን አንብበው በየጠዋቱ በማንኪያ ቢወስዱትስ? የልጅ ልጃቸው በደስታ የላከላቸው ማር ሊጎዳቸው ይችላል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብን ተጠቃሚውን በሚያሳስት ገላጭ ጽሑፍ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ሐኪም ያልመሰከረለትን ነገር መድኃኒት ማለት ነውር ነው። ልጆቹ ትንሽ ቢያጉረመርሙም ይህም ወረደ።

«100% ንጹሕ» የሚለውም አብሮ ሄደ። ሁሉም የሚለው ቃል ማንንም አያሳምንም። በቦታው የሚጣራ ነገር ብንጽፍስ? «በኅዳር ወር የተቆረጠ፤ በጨርቅ የተጣራ፤ ስኳር ያልተጨመረበት።» ይህ ጮኾ አይናገርም፤ ነገር ግን ገዢው ደውሎ ሊጠይቅበት፣ ሻጩም ሊጠየቅበት የሚችል ቃል ነው።

እስከዚህ ድረስ ስናወርድ ነበር የቆየነው። እኔ ልጨምር የፈለግኩት አንድ መስመር ሲመጣ ግን ክርክሩ ከረረ። መስመሩ ይህ ነው፦ «ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥ።»

ይህን ጉዳይ እያንዳንዱ እናት፣ አባትና አያት ሊያውቀው ስለሚገባ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የምታመጣው ባክቴሪያ የማይታዩ ዘሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ትልቅ ሰውና ከዓመት ያለፈ ልጅ ቢውጣቸው አንጀቱ ውስጥ ለመብቀል ቦታ አያገኙም። የሕፃን አንጀት ግን ገና አልበሰለም፤ እዚያ በቅለው መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙም ጡንቻን ያልማል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የሆድ ድርቀት ነው። ከዚያ ሕፃኑ ጡት የመሳብ ኃይል ያጣል፤ ለቅሶው ይደክማል፤ አንገቱና ሰውነቱ ይዝለፈለፋል፤ ሲብስ ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። ሕመሙ በሕክምናው ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው። አያቶቻችን ሳያውቁት መኖራቸው አያስገርምም፤ ሐኪሞቹም ያወቁት በቅርብ ነው። ሕመሙ በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም፤ ግን ማሩ ንጹሕ ስለሆነ የሚቀር ነገር አይደለም። ማፍላትም አያድንም፤ ዘሮቹ የፈላ ውኃን ይቋቋማሉ። መከላከያው አንድ ነው፦ ልደቱን እስኪያከብር ድረስ አለማቅመስ።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ ገና ለተወለደ ልጅ ቅቤ ወይም ማር ማላስ የቆየ ልማድ ነው። የሚያደርጉት አያቶች በፍቅር ነው የሚያደርጉት። ከሩቅ አገር የመጣ ነጭ ማር፣ በእናት አገር ስም፣ ለመጀመሪያ የልጅ ልጅ ከንፈር! ከዚህ የበለጠ ምን በረከት አለ? ልክ በዚህ ምክንያት ነው ቃሉ ጠርሙሱ ላይ መኖር ያለበት። ማሩን የምትከፍተው አያት ሐኪም አጠገቧ የለም። ጠርሙሱ ግን እጇ ላይ ነው።

የአጎቴ ልጅ ግን ፈራ። «ጋሼ፣ ሰው ይህን ካነበበ ማራችን መርዝ ነው ይላል። ጎናችን ያለው ሻጭ ይህን አይጽፍም። ገዢው የእኛን ትቶ የእሱን ያነሣል።» ፍርሃቱ የዋዛ አይደለም። ከቀፎ ሌላ ገቢ የሌለው ወጣት እንዲህ ማሰቡ ትክክል ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሐቀኛ ዝም ካለው ይልቅ ተጠርጣሪ የሚመስልበት ጊዜ አለ። በሌላው ዓለም ስመ ጥር የሆኑ የማር አሻጊዎች ይህንኑ መስመር ጽፈው እንደሚሸጡ ነገርኩት። ብዙም አልተረጋጋም።

ነገሩን የቆረጡት አጎቴ ናቸው። «ለመሆኑ እኛ ማር ስንሰጥ ዝም ብለን እንሰጣለን እንዴ?» አሉ። «ለአራስ ቤት ማር ስትወስድ እናትህ እንዲህ አድርጊው ሳትል ሰጥታ ታውቃለች? አዲስ ማር ሆድ ይነፋል፤ ይቆይ ትላለች። ለዚያኛው ቤት የምትናገረውን ለአዲስ አበባው ሰው የማትናገረው ስለማታየው ነው? ባለማሩ በሌለበት ጠርሙሱ ይናገር እንጂ!» ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። መስመሩ ገባ፤ ያውም ከኋላ ሳይሆን ከክብደቱ አጠገብ ከፊት ለፊት።

ይዘቱ ከተስማማ በኋላ ንድፉ ቀላል ሆነ። የሠራንበትን መንገድ ልዘርዝረው፤ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ሳሙና አሽጎ ለመሸጥ የሚያስብ የቤተሰብ አባል ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ክብደት በግራም ይጻፍ። «አንድ ሊትር ማር» የሚለው አነጋገር ሻጭንም ገዢንም ያጣላል። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ማር ሲሞላ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይመዝናል። ግማሽ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስም ወደ 700 ግራም ይሆናል። የጠርሙሱን ክብደት ቀንሶ፣ መዝኖ፣ የተገኘውን መጻፍ ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

ቀን በወር ስም ይጻፍ፤ ዘመኑም ይለይ። ይህ የእኛ አገር የተለየ ፈተና ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከውጭ በመጣ የቆርቆሮ ወተት ላይ 03/2026 የሚል ቢኖር ዘመኑን በእኛ የሚቆጥር አያት «ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ያ ቀን በእኛ መጋቢት 2018 ዓ.ም አካባቢ ነው። ሦስተኛው ወርም ለፈረንጅ ማርች ሲሆን ለእኛ ኅዳር ነው። ስለዚህ በማሩ ላይ «የተቆረጠው፦ ኅዳር 2017 ዓ.ም» ብለን ጻፍን። ቁጥር ብቻውን አይቆምም፤ ወይ «ዓ.ም» ወይ «እ.ኤ.አ.» ይከተለዋል።

መርጋቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የደጋ ነጭ ማር ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ አሸዋ አሸዋም ይላል። አዲስ አበባ ያለ ገዢ ይህን ሲያይ «ስኳር ጨምረውበታል» ይላል። መርጋት ግን የማር ጠባይ ነው፤ ብቻውን የስኳር ማስረጃ አይሆንም። «ሲረጋ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጠርሙሱን አስቀምጡት» የሚል አንድ መስመር ብዙ ክስ ያስቀራል። «ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ» የሚለውም እንዲሁ። ማር እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ሽታም ይወስዳል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ የማር እርጥበት በጠቅላላው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ የሚለው ከዚያ ካለፈ ማሩ ስለሚቦካ ነው።

ፊደላችን ቦታ ይፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በምግብ ማሸጊያ ላይ ያለ ጽሑፍ የትንንሾቹ ፊደሎች ቁመት በአብዛኛው ከ1.2 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የእኛ ፊደል ከዚያም መብለጥ አለበት። የላቲን ፊደል አናባቢውን ለብቻው ይጽፈዋል፤ የእኛ ግን በእግርና በጎን ላይ ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው «በ»ን «ቡ» የሚያደርገው። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ቅጥያ በቀለም ትዋጣለች። ስለዚህ እኔ የምሠራበት መመዘኛ ቀላል ነው፦ ስቲከሩ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት ይታተማል፤ መነጽር ለሚያደርጉ ሰው ያለ መነጽር ይሰጣል። ማስጠንቀቂያውን ካላነበቡት ሥዕሉ ይቀነሳል እንጂ ጽሑፉ አይቀነስም።

ቀለሙን ከራሳቸው ከላስታ ወሰድነው። የብራና ጻሕፍት ከሁለት ቀለም አያልፉም ነበር፦ ጽሑፉ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ። ዙሪያውን ሰፊ ኅዳግ ይተዋሉ። ዓይን የት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። በእኛም ሌብል ስሙና ማስጠንቀቂያው በቀይ፣ ሌላው በጥቁር፣ መደቡ ነጭ ሆነ። ወርቃማው ቀለም ቀረ። ነጭ ማር የራሱ ማስታወቂያ ስለሆነም ስቲከሩን አጥብበን ጠርሙሱ በግራና በቀኝ እንዲታይ ተውነው።

የወረቀቱ ዓይነትም አይናቅ። ማርና ቅቤ የነካው እጅ ተራ ወረቀትን በሳምንት ያበላሸዋል፤ ቀኑና ማስጠንቀቂያው ተፍቆ ይጠፋል። የላስቲክ ስቲከር ወይም ላሚኔሽን የተደረገበት ወረቀት ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ማሩ እስኪያልቅ ይቆያል። ከማሳተማችሁ በፊት አንዱን ለጥፋችሁ፣ በማር እጅ ይዛችሁ፣ በውኃ አጥባችሁ እዩት። መጀመሪያም ጥቂት አሳትሙ። የቆረጣው ወር በየጊዜው ስለሚለወጥ ቦታውን ባዶ ትቶ በማይጠፋ ብዕር ወይም በማኅተም መሙላት ይቻላል።

የቀረው ስሙ ነው። ልጆቹ «የላስታ ማር» ሊሉት አሰቡ። ላስታ ግን የብዙ ሺህ ንብ አርቢ ስም ነው፤ አንድ ቤት ለብቻው ሊወስደው አይገባም። ስም ሀብት እንደሆነ ቡናችን አስተምሮናል። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም ስታመለክት የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ነበር። ክርክሩ የዓለም ዜና ሆኖ ከሰነበተ በኋላ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመው በሰኔ 1999 ዓ.ም ነው። በከረጢት ላይ የሚታተም አንድ ቃል መንግሥትንና ታላቅ ኩባንያን ለድርድር አስቀመጠ። የአጎቴ ልጆች በመጨረሻ የአያታቸውን ስም መረጡ፤ «ብልባላ፣ ላስታ» የሚለው የተመረተበት ቦታ ሆኖ ከሥሩ ገባ። አቅም ሲኖራቸው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዘግቡታል። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ምዝገባ ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል።

ወላጆች ሆይ፣ ነገሩ የነጋዴ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ያሉ ባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ሁሉ አዲስ ሥራ አላቸው። አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ በረኪና፣ አንዱ ነጭ ጋዝ ይይዛል። በረኪናና ነጭ ጋዝ በውኃ ፕላስቲክ ሲቀመጡ ከሩቅ ውኃ ይመስላሉ፤ ከዚያም አልፎ «ውኃ» የሚል የቀድሞ ሌብል እንደተለጠፈባቸው ነው። የተጠማ የአራት ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? ከተቻለ እነዚህን ነገሮች ከመጀመሪያ ዕቃቸው አታውጧቸው። ካወጣችሁ የድሮውን ሌብል ላጡት፤ በሰፊ ፕላስተር ላይ በቀይ ጻፉ፤ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ አኑሩት። ማንበብ ለማይችለው የሚያስፈራ ምልክት ሣሉበት፤ ግን በሥዕሉ ብቻ አትተማመኑ። ይህ ሁሉ አልፎ ልጁ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ የጠጣውን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ነበር የጠጣው?» ብሎ ነው።

ልጁ ወይም ልጂቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ስቲከር ሲሠሩ «መጫወቻ» የሚመስላቸው ወላጆችም አሉ። ሙያው እንጀራ ነው፤ እያንዳንዱ የታሸገ ሽሮና ማር አንድ ንድፍ ሠሪ ይፈልጋል። ልጃችሁን ስትመክሩ ግን አንድ ነገር አክሉለት። ደንበኛው «ፍቱን» ብለህ ጻፍልኝ ሲል «በምን ማስረጃ?» ብሎ መጠየቅ የሥራው አካል ነው። የሌላ ሰው ቃል በእጁ ወደ ብዙ ቤት እንደሚገባ ይወቅ።

የልጅ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ሱቅ ስትሄዱ ይዛችኋቸው ሂዱ። ቀኑን እነሱ ያንብቡ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይንገሯችሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ቀንሰው ወደ እኛ ይመልሱት። ሒሳብም ይማራሉ፤ እናንተም መነጽር አትፈልጉም። አገር ቤት ማር ለሚልክላችሁ ዘመድም ስትደውሉ ሦስት ነገር ጽፎ ፕላስቲኩ ላይ እንዲለጥፍ ለምኑት፦ የተቆረጠበትን ወር፣ የሰፈሩን ስምና ከዓመት በታች ላለ ሕፃን እንደማይሰጥ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀትና ፕላስተር ይበቃል።